የመዝናኛ መናፈሻ ጕብኝትን አሳምሮ ስለ መጻፍ

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር ለአንዳንዱ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም ልጆቹን ይዞ ወደ አንድ ታላቅ የመዝናኛ መናፈሻ ሄዶ የተመለሰ ሰው፥ ያየውንና የሆነውን ሁሉ ላላየው ዘመዱ እንዴት አድርጎ ቢጽፍለት ደስ ያሰኘዋል የሚል ነው። «ይህማ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታን ለመጻፍ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በሌላም አገር ይኖራሉ፤ አያት የልጅ ልጇን የምታውቀው በሚላክላት ፎቶግራፍና ጽሕፈት ብቻ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ፎቶግራፉ ልጁ መሣቁን ያሳያል እንጂ ስለ ምን እንደ ሣቀ አይናገርም። ይህን ሊናገር የሚችለው ጽሕፈቱ ነው።

እኔም ራሴ በዚህ ነገር የተሳሳትሁ ሰው ነኝና በስሕተቴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በካሊፎርኒያ ከምትኖረው እኅቴና ከልጆቿ ጋራ፥ በዚያ አገር ካሉት መናፈሻዎች ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። ማታውኑ ደሴ ላለችው እናቴ ረጅም ደብዳቤ ጻፍሁ። በስንት ሰዓት እንደ ተነሣን፥ በየትኛው በር እንደ ገባን፥ መጀመሪያ በምን እንደ ተሳፈርን፥ ቀጥሎም በምን እንደ ወረድን አንድም ሳላስቀር ዘረዘርሁ። ደብዳቤው አራት ገጽ ሞላ። የጎረቤት ተማሪ አነበበላት። በስልክ ሳገኛት ግን «ጽሕፈትህ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥህ፤ ለመሆኑ ልጁ ምን አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። በአራቱ ገጽ ውስጥ ልጁ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው ስለ እንደዚህ ያለው ስፍራ አመጣጥ ጥቂት ማወቅ ይረዳዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የሚገኘው ቲቮሊ የተባለው መናፈሻ የተከፈተው በ1843 ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ስመ ጥሩው ተረት ጸሐፊ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ቲቮሊን ጎበኘና፥ ስለ ቻይና ንጉሥና ስለ አንዲት ዘማሪ ወፍ የሚናገረውን ተረቱን በዚያው ሰሞን መጻፍ ጀመረ። ልብ በሉ፤ በተረቱ ውስጥ የመናፈሻው በርና አጥር አልተቈጠረም። ሰውዬው ከዚያ ስፍራ አንድ ስሜት ይዞ ወጣ፤ ያም በቃው።

ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ፥ በ1951፥ ዋልት ዲዝኒ የተባለው አሜሪካዊ የሲኒማ ሰው ይህንኑ ቲቮሊን ጎበኘ። አብሮት የነበረው አርት ሊንክሌተር እንዳወሳው፥ ዲዝኒ ሲዘዋወር ስለ ወንበሩ፥ ስለ መብራቱና ስለ ምግቡ በወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። ይህ ለእኛም የሚሆን ልማድ ነው። ጫጫታ በበዛበት ቀን የተሰማ ቃል እስከ ማታ አይቈይምና፥ ትንሽ ማስታወሻ በኪስ መያዝ፥ ያም ባይሆን በስልክ ላይ ሁለት ሦስት ቃል መክተብ ይበጃል። ልጁ የተናገረውን በራሱ ቃል ያዙት፤ አታርሙት። ልጁ «ሆዴ ወደ ላይ ቀረ» ያለውን እናንተ «እጅግ ተደናገጠ» ብትሉት ጨዋታው ይጠፋል።

ዲዝኒ የራሱን መናፈሻ በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ፥ ቀድሞ የብርቱካን እርሻ በነበረ መሬት ላይ አሠርቶ በሐምሌ 17 ቀን 1955 ከፈተው። በዚያ ቀን ሙቀቱ የበረታ ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድርገው ስለ ነበረ የመጠጥ ውሃው አልበቃም፤ አዲስ የፈሰሰው አስፋልትም ገና ስላልደረቀ የሴቶቹ ጫማ ተረከዝ እየሰመጠ ይያዝ ነበር። በሐሰት በታተመ ቲኬት የገባውም ሰው ብዙ ነው። በዚያ ቀን የተነገረውን ያማረ ንግግር ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ሲሆን፥ በአስፋልት የተያዘውን ተረከዝ ግን ሰው እስካሁን ያወራዋል። ስለዚህ በጕዟችሁ የተበላሸ ነገር ቢኖር «ደስታውን ያደፈርስብኛል» ብላችሁ አትሸሽጉት። ዝናብ የመታው ምሳ፥ የጠፋ አንድ እግር ጫማ፥ በስሕተት የተሳፈሩበት ጀልባ፥ እነዚህ የታሪኩ ጨው ናቸው።

ሰልፉንም አትዝለሉት። በእነዚህ መናፈሻዎች ሦስት ደቂቃ ለሚፈጅ ግልቢያ አንድ ሰዓት መቆም የተለመደ ነው። ሰልፉም እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፥ ከኋላ የቆመው ሰው ርዝመቱን በአንድ ጊዜ አያየውም። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። የቤተ ሰብ ጠባይ የሚገለጠው ደግሞ እዚያ ላይ ነው፤ ማን ይታገሣል፥ ማን ያጕረመርማል፥ ማን ከማያውቀው ሰው ጋራ ወሬ ይጀምራል። በእኔ አስተያየት፥ ከግልቢያው ይልቅ ለሰልፉ ብዙ መስመር ቢሰጠው አይጎዳም።

ደግሞም ዐይናችሁ የተታለለበትን ብታስረዱ አንባቢውን ይጠቅመዋል። በአናሃይም ያለው ቤተ መንግሥት ከፍታው 23 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ወደ ላይ በሄደ ቍጥር የግንቡ ድንጋይ እያነሰ እንዲሄድ ተደርጎ ስለ ተሠራ፥ ከታች ለሚያየው ሰው እጅግ ረጅም ይመስለዋል። «ታላቅና ድንቅ ቤተ መንግሥት አየሁ» ከማለት ይልቅ፥ ይህን በጽሕፈት ማሳየት ይሻላል።

ስለ መኪናው ስትጽፉ ሰዉን አትርሱት። በቲቮሊ በ1914 የተሠራ፥ በእንጨት ሐዲድ ላይ ሽቅብና ቍልቍል የሚሮጥ ባቡር አለ። በእርሱ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ከተሳፋሪዎቹ ጋራ ተቀምጦ በእጁ ፍጥነቱን እየገታ ይሄዳል። የባቡሩን ፍጥነት በቍጥር ብትጽፉ እናቶቻችን ምን ያደርጉታል? ቀኑን ሙሉ ጩኸት እየሰማ ፍሬን የሚይዘውን ሰው ብትጽፉ ግን «አይ፥ ልጄን! ራሱን አያዞረውም?» ይላሉ። የማይታወቀውንም በሚታወቀው አስመስሉ፤ ለምሳሌ ፍሬኑ እንቢ ያለው አውቶቡስ ጠመዝማዛ ቍልቍለት ሲወርድ ያለውን ስሜት ደሴ የሚኖር ሰው ያውቀዋል።

ሩሲያዊው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ በ1906 ኒውዮርክ ሄዶ፥ በኮኒ ደሴት የነበሩትን መናፈሻዎች አይቶ ነበር። ስለ እነርሱ የጻፈውም ጽሑፍ «መሰልቸት» የሚል ስም አለው። በሌሊት ከሩቅ ሲያየው የመብራቱ ውበት አስደንቆታል፤ ቀርቦ ሲያየው ግን ሰዉ ደስ ያለው መስሎ አልታየውም። እኔ በፍርዱ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በአንድ ሕፃን ዐይን ቢያይ ኖሮ ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም ሁለቱንም፥ የሩቁንና የቅርቡን፥ ሳይሸሽግ ጽፎታል።

ይህ ነገር ለእኛ ከባድ ጕዳይ ነው። ውጭ አገር ያለው ሰው የሚያምረውን ፎቶግራፍ ብቻ ሲልክ፥ አገር ቤት ያለው ወንድሙ «ኑሮው ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ ያስባል፤ ቅያሜም የሚነሣው ከዚህ ነው። እኅቴ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። ለዚያች አንድ ቀን የሚሆነውን ገንዘብ ያጠራቀመችው በስድስት ወር ነበር፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ይህን አልጻፍሁም።

በሁለተኛው ጻፍሁት። ጕዞውንም ሁሉ ትቼ አንዲት ሰዓት ብቻ መረጥሁ። የሰባት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ለትልቁ ባቡር አምሳ ደቂቃ ተሰልፎ፥ ተራው ሲደርስ በበሩ ላይ በቆመው መለኪያ እንጨት ተለካና ሁለት ጣት ያህል አጠረ። በእግሩ ጣት ቢቆምም አልሆነለትም። እናቱ የሌሊት ሥራዋን አድራ የመጣች ናትና፥ እርሱ ከማልቀሱ በፊት የእርሷ ዐይን እንባ ሞላ። ልጁ ግን ወደ እርሷ ዞሮ «እማዬ፥ እንጨቱ እኮ አያድግም፤ የማድገው እኔ ነኝ» አላት። ደብዳቤው አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

እናቴ ተማሪውን ሦስት ጊዜ አስነበበችው፤ ከዚያም ቡና ለጠራቻቸው ጎረቤቶች አንድ ጊዜ ደገመላቸው። በስልክ ሳገኛት ስለ መናፈሻው ምንም አልጠየቀችኝም። «ቁመቱን በክር ለክታችሁ ላኩልኝ» አለች። እኅቴም ልጁን ከግድግዳ አስጠግታ ለካችውና፥ ክሩን ጠቅልላ በፖስታ ላከችላት።