«ሲስተም የለም» ሲባል የተበላሸው ምንድን ነው?

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከሑመራና ከአካባቢዋ የሸሹ ቤተሰቦች ተከዜን እየተሻገሩ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ሐምዳይት ገቡ፤ ሌሎችም በሉግዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ ግዛት ዘለቁ። ጥቂት ወራት ሳይሞሉ የስደተኞቹ ቁጥር ከ60 ሺህ አለፈ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት የኡም ራኩባ ካምፕ እንደገና ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ የቱናይድባ ካምፕ ተጨመረ።

ድንበር ተሻግሮ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ስሙ ነው። ስደተኞቹን የመዘገቡት የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ በምሕጻሩ ዩኤንኤችሲአር፣ በጋራ ነበር። ምዝገባው በቤተሰብ ደረጃ ተጀምሮ ወደ እያንዳንዱ ግለሰብ ወረደ። ዩኤንኤችሲአር የስደተኞችን መዝገብ የሚይዝበት ስርዓት «ፕሮግሬስ» ይባላል፤ የጣት አሻራና የዓይን ምስል የሚያመሳክረው «ቢምስ» ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ደግሞ «ስኮፕ» የተሰኘ የራሱ ስርዓት አለው። ሁለቱ ድርጅቶች መረጃ የሚለዋወጡበትን ስምምነት የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

በወረቀት ላይ መስማማት አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሮቹን ማስማማት ሌላ። እያንዳንዱ ስርዓት የራሱ ዳታቤዝ፣ የራሱ ፕሮግራምና የራሱ ጥበቃ አለው። አንዲት እናት የወር ቀለብ ልትቀበል ስትሰለፍ፣ በተለያየ ቦታ የተቀመጡ መዝገቦች «ይህች ያቺው ሴት ናት» ብለው መስማማት አለባቸው። ሳይስማሙ ሲቀሩ ሰልፉ ይቆማል። በባንክም በቀበሌም የለመድነው መልስ ይከተላል፦ ሲስተም የለም።

ከዚህ መልስ በስተጀርባ ግን ቢያንስ አምስት ዓይነት ብልሽት ሊኖር ይችላል። ለአንዱ የሚበጀው መፍትሔ ሌላውን አይነካውም። ስለዚህ ሠራተኛው ምንም ከመነካካቱ በፊት ችግሩ የትኛው እርከን ላይ እንዳለ መለየት አለበት።

ነገሩ ሰው ፍለጋ ወደ ማያውቀው ግቢ እንደሚሄድ እንግዳ ነው። መንገዱ ክፍት መሆን አለበት፤ ቤቱን ማወቅ አለበት፤ ዘበኛው ሊያስገባው ይገባል፤ ከባለቤቱ ጋር በሚግባቡበት ቋንቋ መነጋገር አለበት፤ ማንነቱም መታመን አለበት። አንዱ ከጎደለ ጉዳዩ አይፈጸምም።

መንገዱና በሩ

የመጀመሪያው እርከን መንገዱ ራሱ ነው። በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ ክረምት ሲገባ መኪና ይሰምጣል፤ ነዳጅ ካልደረሰ ጄነሬተር ይቆማል፤ ጄነሬተር ከቆመ አንቴናውም ይጠፋል። መብራቱ ሳይጠፋም ርቀት አለ። በተለምዶ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚውለው ሳተላይት ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም እንዲሁ። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ይህ ምልልስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል።

ግማሽ ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድን የቤተሰብ ቅጽ ለመክፈት ዳታቤዙን 120 ጊዜ በተናጠል የሚጠይቅ ፕሮግራም አንድ ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ፕሮግራሞች ደግሞ ትዕግሥታቸው የተወሰነ ነው። በማይክሮሶፍት ዶትኔት የተሠራ ፕሮግራም፣ ማንም ካልቀየረው በስተቀር፣ ግንኙነት እስኪከፈት የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። መስመሩ ሲጨናነቅ ያ ጊዜ ያልፍና ምንም ሳይበላሽ «አልተገናኘም» የሚል መልእክት ይመጣል። መፍትሔው የጥበቃውን ጊዜ ማራዘም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ 120ውን ጥያቄ ወደ ሁለትና ሦስት ማጠቃለል ነው።

ቀጥሎ በሩ አለ። ዳታቤዞች በኔትወርክ ላይ የሚያዳምጡት ፖርት በሚባል ቁጥር ነው፦ ኤስኪውኤል ሰርቨር በ1433፣ ኦራክል በ1521፣ ማይኤስኪውኤል በ3306፣ ፖስትግሬስ በ5432። እዚህ ላይ ማንኛውም ሠራተኛ ሊለያቸው የሚገባ ሁለት መልእክቶች አሉ። «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚለው መልእክት ወዲያው ከመጣ፣ ጥያቄው አንድ ማሽን ዘንድ ደርሷል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ግን የለም። ብዙ ከተጠበቀ በኋላ «ጊዜው አልፏል» ከተባለ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል ወይም የኔትወርኩ ዘበኛ፣ ፋየርዎል፣ ዝም ብሎ ውጦታል። በመጀመሪያው ጊዜ የሚመረመረው ሰርቨሩ ነው፤ በሁለተኛው መስመሩና ፋየርዎሉ።

አዲስ የተጫነ ፖስትግሬስ ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ ማንንም አያዳምጥም። የኤስኪውኤል ሰርቨር ነጻው ስሪት፣ ኤክስፕረስ፣ የኔትወርክ መስመሩን ዘግቶ ነው የሚጫነው። ይህ ሆን ተብሎ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው። ባለሙያው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሲሞክረው ይሠራል፤ ከጎረቤት ድንኳን ሲሞከር አይሠራም። ስለዚህ ፈተናው ሁልጊዜ መደረግ ያለበት ችግሩ ከታየበት ኮምፒውተር ነው። ፒንግ የተባለው የመስመር መፈተሻ መልስ ሰጠ ማለትም ዳታቤዙ ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ማሽኑ መሥራቱን ብቻ ይናገራል።

በመካከል ያለው አስተርጓሚ

የተለያየ ስርዓት የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ ነው። ከእነዚህ የታወቀው ኦዲቢሲ ሲሆን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በዊንዶውስ ላይ ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ድራይቨሮች ለየብቻ ይጫናሉ። የቆየ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ባለ 64 ቢቱን ድራይቨር ማየት አይችልም፤ «አልተገኘም» ይላል። ድራይቨሩ ተጭኖ፣ ሠራተኛውም በዓይኑ እያየው፣ ፕሮግራሙ ግን አያገኘውም።

ምስጢር መጠበቂያውም ከዘመን ጋር ይለወጣል። ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 የተባሉት የቆዩ ስሪቶች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በይፋ ከአገልግሎት ተሰናብተዋል። በአንድ ወገን ያለው ሰርቨር ሲታደስ፣ በሌላው ወገን ዓመታት ያስቆጠረው ላፕቶፕ ትናንት የሠራው ግንኙነት ዛሬ ይቋረጥበታል። ማይኤስኪውኤልም በስምንተኛው ስሪቱ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴውን ስለቀየረ፣ የቆዩ ፕሮግራሞች ትክክለኛውን ቃል ይዘው ተመልሰዋል።

የአንድ ሰዓት ልዩነት

ከሱዳኗ ገላባት ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ በእግር የሚሻገር ሰው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት መግፋት አለበት። ሱዳን ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ከዚያ በፊት ሁለቱ አገሮች በአንድ ሰዓት ይቆጥሩ ነበር። ኮምፒውተር በውስጡ የሚቆጥረው የዓለምን መደበኛ ሰዓት ነው፤ በስክሪኑ ላይ የአገሩን ልዩነት ደምሮ ያሳያል። ይህንን ለውጥ ያልሰማ፣ ማለትም ያልታደሰ ኮምፒውተር፣ ገዳሪፍ ላይ አንድ ሰዓት ቀድሞ ያሳያል።

አንድ ሠራተኛ ሰዓቱን በእጁ ወደ ኋላ ሲመልሰው ስክሪኑ ትክክል ይመስላል። የውስጡ የዓለም ሰዓት ግን አሁን በአንድ ሰዓት ተሳስቷል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የዊንዶውስ ተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ ደግሞ፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነትን አይቀበልም። ስሙ ትክክል፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል፣ መልሱ ግን «መግባት አይቻልም»። እንዲህ ዓይነት ችግር የገጠመው ሰው የይለፍ ቃል ሲቀያይር ይውላል። መፍትሔው የሰዓት ክልሉን ማደስና ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከታመነ ምንጭ በራሱ እንዲወስድ ማድረግ ነው።

መስመሩ ተገናኝቶ መረጃው ሲሳሳት

ከሁሉ የከፋው ብልሽት ምንም የስህተት መልእክት የማይሰጠው ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የማይክሮሶፍት የፊደል ሠንጠረዦች ለአረብኛ ቦታ ነበራቸው፤ 1256 የሚባለው የእርሱ ነው። ለግዕዝ ግን አንድም አልነበረም። በአረብኛው ሠንጠረዥ የተዘጋጀ የቆየ ዓምድ ውስጥ «ገብረ መድኅን» ቢላክ የሚቀመጠው የጥያቄ ምልክት ድርድር ብቻ ነው። ይህ በስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ ጉድለት አይደለም። ስሙ ከዳታቤዙ ጠፍቷል፤ ፊደሉን በኋላ ቢያስተካክሉትም አይመለስም። ስለዚህ ሁለት ስርዓት ሲያገናኙ የመጀመሪያው ሙከራ በእንግሊዝኛ ስም ሳይሆን በግዕዝና በአረብኛ በተጻፈ ስም መሆን አለበት።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰው ወር 13 ብሎ ቢያስመዘግብ ዳታቤዙ አይቀበልም፤ ቢያንስ ስህተቱ ይታያል። ዓመቱ ግን ያለ ተቃውሞ ያልፋል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ 16 ዓመቱ ነበር። ያው 1997 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተመዘገበ ልጁ 23 ዓመት ይሆነዋል። ለአካለ መጠን ላልደረሱ የሚሰጠው ጥበቃ በአንድ ዓምድ ምክንያት ያልፈዋል። ኔትወርኩ ግን ከጥዋት እስከ ማታ ያለ እንከን ሠርቷል።

አቋራጩና አደጋው

ሰልፉ ሲረዝም የሚያጓጓው አቋራጭ ፋየርዎሉን ማጥፋት፣ የዳታቤዙን ፖርት ለኢንተርኔት መክፈትና ለሁሉም የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ማደል ነው። ይሠራል፤ ግን ማንም ይገባል። በጥር 1995 ዓ.ም. ስላመር የተባለው የኮምፒውተር ትል በኤስኪውኤል ሰርቨር በኩል በ1434 ፖርት እየገባ፣ ሊጠቁ ከሚችሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹን በ10 ደቂቃ ውስጥ አዳርሷል፤ የተጠቁት ወደ 75 ሺህ ይጠጉ ነበር። በጥር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ መውደቁን አስታውቋል። ከእነዚህ መካከል በጦርነትና በስደት ከቤተሰባቸው የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ከጦርነት የሸሸ ሰው ስም፣ አሻራና መኖሪያ በማያውቀው እጅ መግባት ሕይወቱን ያሰጋዋል።

ትክክለኛው መንገድ ዘገምተኛ ይመስላል እንጂ ፈጣን ነው፤ ከታች ወደ ላይ መሄድ። መብራትና መስመር፣ አድራሻ፣ ፖርት፣ ድራይቨር፣ ሰዓት፣ ፈቃድ፣ በመጨረሻም መረጃው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የተለወጠውን መጻፍ፣ ካልረዳ ወደ ነበረበት መመለስ። ሦስት ነገር በአንዴ የለወጠ ባለሙያ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደረዳው ስለማያውቅ በሚቀጥለው ሳምንት ከዜሮ ይጀምራል።

መስመር የማይኖርባቸው ቀናት

አንዳንዴ ደግሞ የሚጠገን ነገር የለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሱዳን መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋርጧል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነት ደግሞ በጥር 2016 መጨረሻ አብዛኛውን አገር ያለ ስልክና ኢንተርኔት አስቀርቷል። ያው ጦርነት ሱዳናውያንን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ አሻገረ፤ የመዝገቡ ሥራም ወደ ኢትዮጵያ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ተሻገረ።

የቀድሞው የፕሮግሬስ ስሪት መረጃውን በየጽሕፈት ቤቱ ሰርቨር ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ አራተኛው ስሪት ወደ አንድ ማዕከል ሰብስቦታል። አንድ መዝገብ ሁለት ቦታ መጻፉ ይቀራል፤ በምትኩ የመስመር ጥገኝነት ይመጣል። ቢምስ ያለ መስመርም እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ስርዓቶች ቀን ቀን መዝግበው መስመር ሲገኝ ያስተላልፋሉ። ከባዱ ክፍል ማስታረቁ ነው። አንዱን ቤተሰብ ሁለት ጠረጴዛዎች በአንድ ቀን ካረሙት የትኛው እርማት እንደሚጸና አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ አለዚያ የኋለኛው የፊተኛውን ሳይታወቅ ይሽረዋል።

በእነዚህ ድንበሮች ላይ ለሚሠሩ ተቋማት ዛሬ ሊደረግ የሚችል ቀላል ነገር አለ። በየመመዝገቢያ ድንኳኑ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ፦ የሰርቨሩ አድራሻ፣ የፖርቱ ቁጥር፣ የድራይቨሩ ስሪት፣ የፍተሻው ቅደም ተከተል፣ ተረኛው ባለሙያ የሚገኝበት ስልክ፣ መስመር ከጠፋ በስንት ሰዓት ወደ ታተመ ዝርዝር ተዛውሮ ቀለብ ማደል እንደሚቀጥል። የይለፍ ቃል አይጻፍበት። በአረብኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ይዘጋጅ። በፋይል ብቻ ሳይሆን ታትሞ ይሰቀል፤ በኔትወርክ ላይ የተቀመጠ መመሪያ ኔትወርኩ በሚጠፋበት ሰዓት አይከፈትምና።