መመላለስም መድኃኒት ነው
በተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሚሠራው ሥራ

ጥርሱን ያመመው ሰው ወደ ሐኪም ሄዶ ጥርሱ ከተነቀለለት በዚያው ቀን ይገላገላል። ወባ የያዘውም ደሙ ተመርምሮ የሦስት ቀን መድኃኒት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ አብዛኛው ሰው ሕክምና ማለት አንድ ቀን ሄደው የሚጨርሱት ጉዳይ ይመስለዋል። የአእምሮ ሕክምና ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በሽተኛው በመጀመሪያው ቀን ከሚያገኘው ጥቅም ይልቅ በሁለተኛው፣ በሁለተኛው ከሚያገኘውም ይልቅ በሦስተኛው የሚያገኘው ይበልጣል። ሆስፒታል ሳይተኙ ከቤት እየሄዱ የሚታከሙበት ክፍል በቋንቋችን «ተመላላሽ ሕክምና» ይባላል። ለአእምሮ በሽተኛ ይህ ስም የሕክምናው ትእዛዝ ጭምር ነው።

በዚህ ወር ጽሑፋችን በዚህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በሽተኛውም ደጋግሞ መምጣት ለምን እንደሚያስፈልገው፣ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎችም በዚህ ረገድ ምን ሊረዱ እንደሚችሉ እናስረዳለን።

ሕክምናው ወደ እኛ እንዴት ቀረበ?

ብዙ ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየው ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከአንኮበር የሚነሣ በሽተኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን መንገድ በየወሩ ሊመላለስ የሚችል ገበሬ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ቤተ ዘመድ በሽተኛውን ይዞ የሚነሣው ነገሩ ከልክ ካለፈ፣ ምናልባትም ሰውየው በገመድ ከታሰረ በኋላ ነበር። በዚህም ምክንያት «የአእምሮ ሕክምና» የሚለው ቃል በሕዝቡ ጆሮ «የእብድ ቤት» ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ከፍተኛ ትምህርት ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልትም ሕክምናው በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ከሌላው ሕክምና ጋር ተዳብሎ እንዲሰጥ አቀደ። ዛሬ የደብረ ብርሃን ከተማ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን በተመላላሽነት ያክማል።

በዚህ ምክንያት ወደ ክፍሉ የሚመጣው ሰው ዓይነት ተለውጧል። በገመድ ታስሮ የሚመጣ ዛሬም አለ። ነገር ግን ከእርሱ ጎን እንቅልፍ ያጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከወለደች ወዲህ እንባዋ የማይደርቅ እናት፣ ፈተና በደረሰ ቍጥር እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከቀዬአቸው ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ከገቡት መካከል ያዩትን ነገር ሌሊት ሌሊት እየደጋገመ የሚያሳያቸው ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ልዩ ልዩ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ብቻ ነው ሊባል አይችልም።

በክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ክፍሉ ብዙ መሣሪያ የለበትም። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ወንበር፣ የሚዘጋ በር ይበቃዋል። የሥራው ዋና መሣሪያ ጆሮ ነው።

በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ በሽተኛን «ምን ይሰማዎታል?» ብለን እንድንጠይቅ ተምረን ነበር። በዚያ አገር ሰው ለዚህ ጥያቄ «አዝኛለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። በሰሜን ሸዋ ግን ጥያቄው ሲቀርብ በሽተኛው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን ይልጠኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል» ይላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ የተጨነቀ ሰው አካሉ በእውነት ይታመማል። የበሽተኛው ንግግር ሰምና ወርቅ አለውና የአካሉ ሕመም ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከሥሩ ተሸሽጎ ይገኛል። ስለዚህ አካሚው በመጀመሪያ ሌላ የአካል በሽታ አለመኖሩን በምርመራ ያረጋግጣል። ቀጥሎም «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልዎታልን? ሥራ መሥራት ይችላሉን? አረቄ ያዘወትራሉን? ኑሮ መሮዎት ሞትን ተመኝተው ያውቃሉን?» እያለ ረጋ ብሎ ይጠይቃል።

ከጥያቄው በኋላ ዝም ማለት ይገባል፤ ከሥራው ሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ያዘነ ሰው ስናይ «አይዞህ፣ ያልፋል» ለማለት እንፈጥናለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ከተባለ አፉን ያዘጋዋል። አካሚ የሚባለው ሰው ከማጽናናቱ በፊት መስማትን የተማረ ነው።

ከብዙ በሽተኞች ያየነውን በአንድ ሰው አስመስለን እናቅርበው። ከአንኮበር በታች ካለው ከአልዩ አምባ አካባቢ አንድ ገበሬ መጡ እንበል። አቀበቱን በእግራቸው ወጥተው ጎረቤላ ደረሱ፤ ከዚያም በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ተጓዙ። በመጀመሪያው ቀን የተናገሩት ስለ ጨጓራቸው ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው ፈጥጦ እንደሚያድር ነገሩን። በሦስተኛው ቀን ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ በመሬት ክርክር ከቤተ ዘመድ ጋር ተለያይተው እንደሚኖሩ፣ ከእድርም እንደ ቀሩ፣ ሕይወታቸውንም ለማጥፋት አስበው እንደ ነበር ተናገሩ። ይህ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይወጣ ነበርን? አይወጣም። ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማያውቀው ሰው በአንድ ጊዜ አያወጣም። ሦስተኛው ቀን ባይኖር ኖሮ ካርዳቸው ላይ «የጨጓራ ሕመም» ተብሎ ተጽፎ በዚያው በቀረ ነበር።

እኚህ ሰው ለሦስተኛው ቀጠሮ የደረሱት በአንድ የመንደር መምህር ርዳታ ነው። ካርዱ ላይ ቀኑ በቍጥር ብቻ ተጽፎ ነበር። መምህሩ ግን አንብበው «ከሚካኤል በኋላ ያለው ሰኞ ነው» ብለው ነገሩአቸው፤ በዋዜማውም አስታወሱአቸው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል። ለአደጋ የሚያሰጋው ነገር በባለቤታቸው እጅ ከቤት እንዲርቅ ተደረገ። መድኃኒት ተጀመረ። በየቀጠሮው አንዲት ትንሽ ተግባር ተሰጠቻቸው፤ አንድ ሳምንት ከቤተሰብ ጋር ማዕድ መቅረብ፣ በሌላው ሳምንት ጎረቤት መጠየቅ፣ ቀጥሎም ወደ እድር መመለስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው ነው።

ሰው ከቀጠሮው ለምን ይቀራል?

አንደኛው ምክንያት የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ለድባቴ፣ ማለት ለረዥም ጊዜ ለሚቆይ የመንፈስ መጨለም፣ የሚሰጠው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ጥቅሙን እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። የማቅለሽለሽና የራስ ምታት ችግሩ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይመጣል። በሽተኛው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ይተወዋል። ይህን አስቀድሞ የነገሩት ሰው ግን ይታገሣል።

ሁለተኛው ምክንያት ተሻለኝ ማለት ነው። የተሻለው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሲያቋርጥ ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ ከዳነ በኋላም ሐኪሙ እስኪያቆመው ድረስ ለብዙ ወራት ይቀጥላል።

ሦስተኛው ምክንያት ኀፍረት ነው። ደብረ ብርሃን ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። በዚያ በር ሲገባ የታየ ሰው «ምን ይሉኛል» ብሎ ይፈራል። በክፍሉ የተነገረ ቃል ከክፍሉ እንዳይወጣ አካሚው በሙያው ግዴታ አለበት፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ለቤተ ዘመድም ቢሆን አይነገርም። ይህንን አንባቢዎቻችን ለሌላው እንዲያስረዱልን እንለምናለን።

አራተኛው ምክንያት ጠበሉና መድኃኒቱ የማይስማሙ መስሎ መታየቱ ነው። በአውራጃችን ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ብዙ ሕሙማን የሚሄዱባቸው ጠበሎች ናቸው። ጠበሉን ተዉ የሚል ሐኪም የለም። የምንለው መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን በግልጽ ተናግረዋል።

መመላለስ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን?

አይደለም። ለጠበል ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሱባኤ የሚሰነብት ሕዝብ ፈውስ ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃል። ሐዘንም በደረሰ ጊዜ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን ወደ ሐዘንተኛው ቤት እንመላለሳለን። አባቶቻችን ሐዘን በአንድ ቀን ለቅሶ እንደማያልቅ ስለ ተረዱ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ቀጠሮ ሠርተው አለፉ። በተመላላሽ ክፍል የሚደረገውም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የሌላው አገር ልምድም ይህንኑ ያስረዳል። በዚምባብዌ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ባስጀመሩት ሥራ የሠለጠኑ አረጋውያን ሴቶች በጤና ጣቢያ ግቢ በተተከለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን እስከ 6 ጊዜ እየተገናኙ ያነጋግራሉ። የዚያ አገር ሰዎች ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጓሜው «አብዝቶ ማሰብ» ነው። የእኛም ሰው «ሐሳብ ገደለኝ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 573 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው በወንበሩ ከታከሙት ከመቶ 14 ያህል ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህል ነበሩ። አሮጊቶቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሥርዓት ባለው መንገድ መስማትንና ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን የተማሩ ነበሩ። በሽተኞቹም ተመላለሱ።

መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ምን ያድርጉ?

1ኛ፤ ደኅና የነበረ ተማሪ ከጓደኞቹ ሲለይ፣ ከትምህርት ሲቀር፣ ውጤቱ ያለ ምክንያት ሲወርድ፣ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ከመቅጣት በፊት ለብቻ ጠርቶ በጸጥታ ማነጋገር።

2ኛ፤ ሰው ስለ መሞት ሲናገር ቀልድ ነው ብሎ አለማለፍ። «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበሃልን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። አሳቡን የገለጸውን ሰው ብቻውን አለመተው፣ የተባይ ማጥፊያና የመሳሰለውን መርዝ ከቤት ማራቅ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ማድረስ።

3ኛ፤ በሽተኛን በሰንሰለት አለማሰር፣ አለመደብደብ፣ «እብድ» የሚለውንም ስድብ ከትምህርት ቤት ግቢ ማጥፋት።

4ኛ፤ የጎረቤትን የቀጠሮ ካርድ አንብቦ ቀኑን በሚገባው አቆጣጠር መንገር፣ በዋዜማው ማስታወስ፣ ቢቻልም በመኪና ኪራይ መርዳት።

5ኛ፤ ሕክምናውን ጀምሮ ያቋረጠውን ሰው አለመውቀስ። ቢዘገይም ቢመለስ ክፍሉ ይቀበለዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን ገልጦ አንድ ቀን ብቻ ታይቶ የቀረም ከተደበቀው ብዙ አይርቅም። አንባቢ ሆይ፤ ከሚያውቋቸው ሰዎች መካከል አንዱ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሐኪም የሄደ እንደ ሆነ ደስ ይበልዎት፤ ነገር ግን «የሚቀጥለው ቀጠሮህ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ይህን መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሕይወት ግን ሊያተርፍ ይችላል።