የተጠርጣሪ ቃል፣ ጊዜ ቀጠሮና ዋስትና፦ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በወንጀል ጉዳይ ስለ መከላከል መብት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ችሎቱና ወደ ጠበቆች ክርክር ነው። ይሁን እንጂ የአብዛኛው ዜጋ ጉዳይ አቅጣጫውን የሚይዘው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በፖሊስ ጣቢያ ቃል በሚሰጥበት ሰዓትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ዕለት ነው። በእነዚህ ቀናት ደግሞ ተጠርጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ የለውም።

በቅድሚያ ማንኛውም አለመግባባት ወንጀል አለመሆኑን መለየት ይገባል። ተበድሮ በቀጠሮው ቀን ያልከፈለ ሰው የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሲሆን፣ አበዳሪው መሄድ ያለበት ወደ ፍርድ ቤት እንጂ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። በሒሳቡ በቂ ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ፈርሞ የሰጠ ሰው ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት በወንጀል ይጠየቃል፤ ቅጣቱም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ይህን ልዩነት ብዙ ነጋዴ የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

በጎረቤታሞች መካከል በሚነሣ ድብድብም ተመሳሳይ ልዩነት አለ። በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚሸፈነው ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው፤ አቤቱታውም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በአንቀጽ 555 የተመለከተው ከባድ የአካል ጉዳት ግን የግል አቤቱታ ስለማይጠይቅ ባለጉዳዮቹ በሽማግሌ መታረቃቸው ብቻውን ክሱን አያስቀርም። ተከሳሹ ጉዳቱን ለመካስ ያደረገው ጥረት በቅጣት ማቅለያነት ሊታይለት ይችላል።

በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ይደነግጋል። ላለመናገር መብት ያለው መሆኑና የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊገለጽለት ይገባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ይህንኑ በመርማሪ ፖሊሱ ላይ በግዴታነት ጥሎበታል። በማኅበረሰባችን ዝም ማለት እንደ ማመን ሲቆጠር ይስተዋላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፤ ዝም ያለ ተጠርጣሪ በዝምታው ምክንያት ጥፋተኛ አይሆንም።

ቃል ለመስጠት የመረጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት የተጻፈው እንዲነበብለት ይጠይቅ። ያላለው ነገር ተጽፎ ከሆነ እንዲታረም ያመልክት፤ እስኪታረምም ድረስ አይፈርም። «ቶሎ እንድትወጣ ፈርም» የሚል ምክር ከየትም ቢመጣ፣ ከዘመድም ቢሆን፣ ተጠርጣሪውን ሊጎዳ ይችላል፤ የተፈረመውን ቃል ኋላ በችሎት ማስተባበል ቀላል አይደለምና። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ያስቀምጣል። ሆኖም ተገድዶ ቃል የሰጠ ሰው ይህንኑ በመጀመሪያው ችሎት ለዳኛው ማስረዳትና የሕክምና ምርመራ እንዲታዘዝለት መጠየቅ ይኖርበታል። ሰንበር ከቀናት በኋላ ይጠፋል፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረ አቤቱታ ግን ይቆያል።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በተባለው ጊዜ ካልቀረበ እርሱ ራሱ ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን ደግሞ ፖሊስ ራሱ፣ ፍርድ ቤት ሳያቀርበው፣ በዋስ ሊለቀው እንደሚችል በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ተመልክቷል። ይህ ድንጋጌ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ አይደለም።

በመጀመሪያው ችሎት ዳኛው የሚወስነው ጥፋተኝነትን ሳይሆን ተጠርጣሪው በእስር ይቆይ ወይስ በዋስ ይለቀቅ የሚለውን ነው። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ በአንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ተጠርጣሪው «ምን ቀረ? የትኛው ምስክር አልተሰማም?» ብሎ የመቃወም ዕድል አለው። ዋስትና በመርሕ ደረጃ መብት ቢሆንም፣ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እንዲሁም ተጎጂው ሊሞት ይችላል ተብሎ በሚገመትበት ጊዜ አይፈቀድም። በሌሎችም ጉዳዮች ተጠርጣሪው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክሮችን ያባብላል የሚል ግምት ካለ ፍርድ ቤቱ ሊከለክል ይችላል። የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። እንደ ሙስናና ሽብርተኝነት ያሉ በልዩ አዋጅ የሚታዩ ወንጀሎች የራሳቸው ድንጋጌዎች አሏቸው።

ለዘመድ ወይም ለባልደረባ ዋስ የሚሆን ሰውም ግዴታውን ጠንቅቆ ይወቅ፤ ዋስ የሆነለት ሰው በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ባስያዘው ገንዘብ ወይም ንብረት ተጠያቂ ይሆናል።

ጠበቃን በተመለከተ ሕጉ ልብ የሚባል ነጥብ አለው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የሚደነግገው አንቀጽ 20 የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። ይህ ማለት አቅም የሌለው ተጠርጣሪ ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ ብቻውን ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ክፍተቱን በከፊልም ቢሆን የሚሞላው አንቀጽ 21 ሲሆን፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል። በመሆኑም ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ተጠርጣሪው የተያዘበትን ጣቢያ፣ የመርማሪውን ስምና የተጠረጠረበትን ወንጀል ጠይቆ መመዝገብ፣ ከዚያም የሕግ ባለሙያ መፈለግ አለበት። ለጠበቃ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ወደሚገኙ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሊሄድ ይችላል። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ ተከሳሹ ጠበቃ የማቆም አቅም እንደሌለው ለችሎቱ በመግለጽ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቃል። በአያያዝ ላይ የሚነሣ ቅሬታ ከፍርድ ቤት በተጨማሪ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሊቀርብ ይችላል።