ስድስት ሺህ ብር ለሦስት ሰዓት ወንበር

«ለመቀመጫ ነው ስድስት ሺህ ብር? ሲያልቅ ወንበሩን ይሰጧታል እንዴ?»

እንዲህ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ሚኒባስ ስለሚነዳ የብር ጉዳይ ሲነሳ ቶሎ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ሲያትል ያለችው እህታችን የመውለጃዋ ቀን ደርሶ፣ እናታችን ልታርሳት ቪዛ አግኝታለች። ትኬቱም ተቆርጧል። ርካሽ የተባለው ትኬት ግን በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ በኩል የሚያልፍ፣ እዚያም ዘጠኝ ሰዓት የሚያስጠብቅ ነው። እህታችን በስልክ «ለእማዬ ላውንጅ ልግዛላት፤ 40 ዶላር ነው» አለች። ወንድሜ በ150 ብር መታውና ስድስት ሺህ ብር ወጣው። ክርክሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

እናታችንም ከእሱ ጋር ወገነች። «እኔ ድሮ መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣዬን ተደግፌ አድሬ አውቃለሁ። ዛሬ መብራት በሚበራበት፣ መሬቱ በሚያበራ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥ ያቅተኛል?» አለች።

የምትለው እውነት ነው። ግን መናኸሪያ ያደረችው በሠላሳ ዓመቷ ነው። ዛሬ ስድሳን አልፋለች። ስኳር አለባት፤ ረጅም ሰዓት ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል። አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ ሌላ ቋንቋ አትችልም። አውሮፕላን ውስጥም ገብታ አታውቅም። እኔ የቤቱ «ጋዜጠኛ» ስለሆንኩ ፍርዱ ወደ እኔ መጣ። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ።

መጀመሪያ ላውንጅ ምንድን ነው? ኤርፖርት ውስጥ ከአጠቃላዩ መጠበቂያ የተለየ ክፍል ነው። ምቹ ወንበር፣ ምግብና መጠጥ፣ ዋይፋይ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሻወርና ጋደም የሚባልበት ቦታ አለው። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላጓርዲያ ላይ የራሱን ክበብ ለተመረጡ እንግዶቹ ከፍቶ ነበር። የእኛው አየር መንገድም በቦሌ «ክላውድ ናይን» የሚባሉ ላውንጆች አሉት፤ የጀበና ቡና ሳይቀር ይፈላባቸዋል። እነዚህ የቢዝነስ ክፍል ተጓዦችና በሼባ ማይልስ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሱ ደንበኞች የሚያርፉባቸው ናቸው። አሁን በብዙ የዓለም ኤርፖርቶች የተለመደው ደግሞ ሌላ ነው፤ ትኬታችሁ ኢኮኖሚ ቢሆንም በር ላይ ወይም በኢንተርኔት ከፍላችሁ ትገባላችሁ።

ለባቡር መስመር ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ አዳማ የባቡር ከተማ ናት። በዚያ ባቡር ሰው በማዕረግ ነበር የሚሳፈረው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበር። ከመተሐራ ወዲያ ደግሞ የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ አለ፤ ያለው ነጭ ጨርቅ በተዘረጋበት ጠረጴዛ ምሳውን ይበላ፣ የሌለው ጥላ ፈልጎ ስንቁን ይፈታ ነበር። ባቡሩ ግን ሁለቱንም ይዞ በአንድ ሰዓት ይነሳ ነበር። ወንድሜም የያዘው ይህንኑ ነው፤ «ላውንጅ የገባውም ያልገባውም እኩል ነው የሚደርሰው» ይላል።

ሂሳቡን ስጀምረው ነገሩ ወደ እሱ አደላ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ጉዳይ አለ፤ ተከፍሎበት የሚገባ ላውንጅ ባብዛኛው የሚሸጠው ለሦስት ሰዓት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ከበረራው በፊት ያሉት ሦስት ሰዓታት ካልደረሱ አያስገባም። ስለዚህ እህታችን የምትገዛው የዘጠኝ ሰዓት እረፍት አይደለም። ስድስት ሺህ ለሦስት ሲካፈል ሰዓቱ ሁለት ሺህ ብር ይሆናል። «በዚህ ብር አዳማ ላይ ጥሩ አልጋ ይዤ፣ አድሬ፣ ቁርሴንም በልቼ እወጣለሁ» አለ ወንድሜ።

ምግቡስ? ውጭ ባሉት የኤርፖርት ካፌዎች አንድ ሳንድዊች፣ አንድ ሻይና አንድ ውሃ በቀላሉ 15 ወይም 20 ዶላር ይደርሳል። በልቶ የሚጠግብ ሰው ከሆነ የላውንጁን ግማሽ ዋጋ በምግቡ ይመልሳል። እናታችን ግን ጾም ላይ ናት። የንስሐ አባቷ ለስኳሯ ሲሉ በጠዋት እንድትበላ ቢፈቅዱላትም ሥጋና ወተት አትነካም። እንቁላልና አይብ በተደረደረበት ቡፌ ፊት ቆማ «ይሄ ቅቤ ይኖረው ይሆን?» እያለች ስትሰጋ ታየችኝ። የምግቡን ሂሳብ ሰረዝኩት።

እህታችን «የአባልነት ካርድ ባወጣላትስ?» አለች። ይህ ደግሞ ባሰ። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው ፕራዮሪቲ ፓስ፣ ለአሜሪካ ደንበኞች ዝቅተኛውን አባልነት በዓመት 99 ዶላር ሲሸጥ በየመግቢያው 35 ዶላር ይጨመርበታል። እናታችን በዓመት አንዴ ሄዳ አንዴ ብትመለስ ሁለት መግቢያ ነው፤ 169 ዶላር። ለአንዱ ከ84 ዶላር በላይ ማለት ነው። ካርዱ በየወሩ ለሚበር ነጋዴ እንጂ በዕድሜዋ አንዴ ለምትበር እናት አይሆንም። እህታችን በባንክ ካርዷ የምታገኘው የላውንጅ መብት ቢኖርም አይረዳም፤ ባለካርዷ አብራ ካልተገኘች እናት ብቻዋን በዚያ አትገባም። በስሟ የአንድ ጊዜ መግቢያ መግዛት ግን ይቻላል።

ከዚያ «በነጻ ምን አለ?» ብለን ጠየቅን። ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ሁለት ነገር አገኘን።

አንደኛው ሆቴል ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች ረጅም ጥበቃ ላለበት መንገደኛ ማረፊያ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአዲስ አበባ ከስምንት ሰዓት በላይ ለሚጠብቁ ተሸጋጋሪ መንገደኞች እንደ ትኬታቸው ሁኔታ ሆቴል ይሰጣል። የእናታችን ትኬት ግን በሌላ አየር መንገድ ነበርና እህታችን ጠይቃ «የትኬቱ ዓይነት አይፈቅድም» ተባለች። መጠየቁ ግን አይከፈልበትም።

ሁለተኛው ዊልቸር ነው። ቀድሞ ከተጠየቀ ክፍያ የለውም፤ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ብዙ እናቶቻችን በዊልቸር የሚሄዱት መራመድ አቅቷቸው ብቻ አይደለም፤ የሚገፋው ሰው መንገዱን ስለሚያውቅላቸው ጭምር ነው። ለእናታችን ይህ ከላውንጁ በፊት መያዝ ነበረበት፤ ተያዘም። እናታችን «እኔ አንካሳ ነኝ?» ብላ ትንሽ ተቆጣች። «እግርሽ አብጦ ከምትደርሺ ይሻላል» ብለን አሳመንናት።

ታዲያ ዊልቸር ካለ ላውንጁ ለምን? እዚህ ላይ እኔ ራሴ አንዴ የገባሁበት አለ። ለሥራ ወጥቼ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጥበቃ በአንድ ኤርፖርት ከፍዬ ላውንጅ ገባሁ። በር ላይ ሰልፍ፣ ውስጥ ወንበር ፍለጋ፤ ሻዬን ሳልጨርስ ሰዓቴ ደረሰ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጤነኛ፣ ጎረምሳና እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ለሁለት ሰዓት ምን ወንበር አስፈለገው? ይህን ስነግረው ወንድሜ «በል እንግዲህ! ራስህ መሰከርክ» ብሎ ሳቀ።

ይህን ጊዜ ነው ወደ እሱ ሥራ የዞርኩት። አዳማ የሚኖር ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ያውቃል። አንዱ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም መሃል የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ነው፤ አይከፈልበትም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የክፍያ ፍጥነት መንገድ ነው።

«አንተ በየትኛው ነው የምትነዳው?» አልኩት።

«እንደ ጭነቱ ነዋ!» አለ። «ባዶዬን ከተመለስኩ በአሮጌው እመጣለሁ። ሰው ሞልቶ ከሆነ በአዲሱ። በሽተኛ ወይም ወላድ ከያዝኩማ ክፍያውን አልቆጥረውም።»

«ለእማዬስ?»

ዝም አለ። ቆየና «ይገዛላት በቃ» አለ።

ለእኔም ሙሉ መልሱ ይኸው ነው። ላውንጅ በራሱ ውድ ወይም ርካሽ የሚባል ነገር አይደለም፤ የሚመዘነው በሚጠብቀው ሰው አቅምና በጥበቃው ርዝመት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረን ሦስቱን ሰዓት የት ላይ እናድርገው የሚለው ነው። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ይመርጣል። እኛ ግን ጉዞዋን ከመነሻው አሰብነው። በረራዋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አዳማ ላይ ያለ ሰው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለውን የመኪና ጭንቅ ፈርቶ ገና በአሥር ሰዓት ይነሳል። ቦሌ ደርሰን ሸኚ ሁሉ ከቧት አመሸን። ያ ጥበቃ ሰው ስላለበት ችግር የለውም። ሌሊቱን በፍርሃት ሳትተኛ ስለምታሳልፍ ግን የሚከብዳት ጠዋት እንደወረደች ያለው ሰዓት ነው። ስለዚህ እህታችን በማንኛውም ሰዓት የሚያስገባ፣ ያው ተርሚናል ውስጥ ያለ ላውንጅ መርጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዓት ገዛች።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን። ብዙ ላውንጆች የበረራ ጥሪ አያሰሙም፤ ተኝቶ የቀረ ቀረ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ «እባካችሁ በዚህ ሰዓት ቀስቅሱኝ፤ ዊልቸር ጥሩልኝ፤ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» ብዬ ከበረራ ቁጥሯ ጋር ጻፍኩ። ወረቀቱን ከፓስፖርቷ ጋር በአንገቷ በሚንጠለጠል ቦርሳ ከተትነው።

በማግስቱ በላውንጁ ዋይፋይ ደወለች። ወንድሜ ቀድሞ ስልኩን ነጠቀ።

«እማዬ፣ ምን በላሽ?»

«ዳቦ ቆሎዬን በሻይ በልቼ መድኃኒቴን ዋጥኩ።»

«የስድስት ሺህ ብር ሻይ!»

«ዝም በል አንተ! ተኝቼ ነው የተነሳሁት። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። አንዷ ልጅ መጥታ ቀስ አድርጋ ቀሰቀሰችኝ።»

ቀጥላ ያለችው ግን አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። «ከእኛው አውሮፕላን የወረዱ ልጆች ነበሩ፤ ለሥራ የሚሄዱ። ከኋላዬ መሬት ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ዳቦ ቆሎዬን ለእነሱ ሰጥቼ መጣሁ» አለች። ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ቦሌ ላይ የምናያቸው እህቶቻችን ናቸው። እነሱን ላውንጅ ይግቡ የሚል ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ቢኖርም 40 ዶላር ለእነሱ የቤተሰብ አስቤዛ ነው። ነጻ የሆነውን ነገር ግን ልንነግራቸው እንችላለን። የሚበላ ይያዙ፤ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዘው ከፍተሻ በኋላ ይሙሉ፤ የበሩንና የበረራውን ቁጥር በትልቁ የተጻፈበት ወረቀት ይኑራቸው፤ ሲጨንቃቸው ለሠራተኛ ያሳዩ።

በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የቢሾፍቱ ኤርፖርት በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው። ሲያልቅ የአዳማ ሰው ከአዲስ አበባው ባልተናነሰ ለኤርፖርት ይቀርባል፤ በአሥር ሰዓት መነሳቱም ይቀር ይሆናል። እንዲያ ያለ ትልቅ ቤት ሲሠራ የላውንጁን ያህል ስለ ተራው መቀመጫም ቢታሰብ እንላለን፤ አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው እዚያ ነውና።

እናታችን ከስድስት ወር በኋላ ተመለሰች። የመልሱ ጥበቃ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። እህታችን «ላውንጅ ልግዛልሽ?» ብትላት «ምን በወጣሽ! አሁን ጾምም አይደለም፣ እንቅልፌም አልመጣም፤ ዊልቸሩን ብቻ እዘዢልኝ» አለቻት። ቦሌ ላይ ተቀብለናት ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ወንድሜ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ክፍያው መንገድ ታጠፈ።