ሲመሽ የምትነቃው የግቢ መብራት

የአትክልት መብራት ሊገዙ ሱቅ ገብተው፣ በቀትር ብርሃን መብራቷ ትሥራ አትሥራ ለማወቅ የሻጩ መሐላ አያስፈልግዎትም። አናቷ ላይ ያለችውን ጠቆር ያለች መስታወት በመዳፍዎ ድፍን ያድርጓት፤ ቦግ ትላለች። እጅዎን ሲያነሱ ድርግም። ሹል እግሯን አፈር ውስጥ ወግተው የሚያቆሟት ይህች የሶላር መብራት ዛሬ ከመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች እስከ ሰፈር ሱቅ ድረስ ትገኛለች። ብዙ ሰው ግን ምን መሥራት እንደምትችልና ምን እንደማትችል ሳይለይ ይገዛትና፣ ብርሃኗ ሲደክም «ድሮም የቻይና ዕቃ» ብሎ ይጥላታል። መግዛቱም መጣሉም በችኮላ ነው።

ክዳኗን ፈትተን ውስጧን እንይ። ፓናል ከሚባለው ከዚያ ጠቆር ካለው መስታወት ቀይና ጥቁር ቀጫጭን ሽቦዎች ወርደው የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ተበይደዋል። ጎኗ ላይ የሪሞት ባትሪ የሚመስል አንድ ባትሪ ተኝቷል፤ ይህ ግን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ 1.2 ቮልት ያለው፣ ደጋግሞ የሚሞላው ዓይነት ነው። ሰሌዳዋ ላይ ባለ አራት እግር ጥቁር ቺፕና ከቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ኮይል አሉ። ከሥር ደግሞ የኤልኢዲ አምፖሏ። ያለው ዕቃ ይኸው ነው።

ቀን ፀሐይ ፓናሉ ላይ ሲያርፍ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይገባል። ብልሃቱ ያለው ማታ ነው። መምሸቱን የሚነግራት የተለየ ሴንሰር የላትም፤ ቺፑ የሚጠብቀው የራሱን የፓናሉን ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጁ ሲወድቅ መሽቷል ማለት ስለሆነ ባትሪውን ከአምፖሏ ጋር ያገናኛል። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ባትሪው ያለው ግን 1.2 ብቻ ነው። ቺፑ በኮይሉ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያቋረጠና እየለቀቀ ቮልቴጁን ከፍ ያደርገዋል፤ ለዓይን ግን ብርሃኑ የረጋ ነው። የመንገድ መብራት ሥር ወይም በረንዳው አምፖል አጠገብ የተተከለች መብራት ሳትበራ የምታድረውም የፓናሉ ቮልቴጅ ስለማይወድቅ ነው። ተበላሽታ አይደለም፤ ለእሷ ገና አልመሸም።

ሁለቱ ዋና አካሎቿ፣ ፓናሉና ኤልኢዲው፣ እኩዮች አይደሉም። ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን የፀሐይ ሴል በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪዎች ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 ከመቶ ያህሉን ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን ሰማያዊው እስኪሠራ ድረስ ብዙ ዘመን ጠብቋል፤ ሰማያዊ ብርሃን ፎስፈር በሚባል ቢጫ ቅብ ውስጥ ሲያልፍ ነው ነጭ የሚሆነው። ሰማያዊውን ያስገኙት በጃፓን የተወለዱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነውና። የባትሪዋ አቅም 600 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው እንበል። በ1.2 ቮልት ሲባዛ 0.72 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሳሎንዎ ያለው የ9 ዋት አምፖል ይህን ኃይል በ5 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሰዋል። እሷ ግን በዚያው ስንቅ ሌሊቱን ልታነጋ ነው። ስለዚህ ጭላንጭል ብቻ ብትሰጥ አይፈረድባትም። ጋዜጣ አታስነብብም፤ ሌባም አታስፈራም።

የእሷ ሥራ እግር የሚሰናከልበትን ማሳየት ነው፤ ከውጭ በሩ እስከ በረንዳው ያለውን መተላለፊያ፣ የደረጃውን ጫፍ፣ የቦዩን ጠርዝ። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ከማሰለፍ ይልቅ አፈራርቆ መትከል ያምራል፤ ቁጥሩንም ይቀንሳል።

ከዚያ ያለፈ ውበት የሚፈልግ ሰው፣ መብራት ከመጨመሩ በፊት ምን ማየት እንደሚፈልግ ይወስን። ሁሉ ነገር የበራበት ግቢ ማታ አያምርም። አንድ ዛፍ ይበቃል፤ ግንዱ የተጠማዘዘ ወይራ ወይም ሰፊ ቅጠል ያለው ኮባ። ጠባብ ጨረር ያላትን ስፖት መብራት ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል አርቀው መሬት ላይ ይትከሉና ወደ ላይ ቀና ያድርጓት። ኮባ በተለይ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ብርሃን ከኋላው ሲመታው ጅማቱ መስመር በመስመር ይታያል። ግድግዳው በአምቦ ድንጋይ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ መብራቷን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ ወደ ላይ ማብራት ነው። ከፊት ለፊት ሲበራበት ልሙጥ የሚመስለው ድንጋይ፣ ከሥር ሲበራበት እያንዳንዱ ሸካራ ጫፍ የራሱን ጥላ ይጥላል። የትም ቢሆን መታየት ያለበት የበራው ነገር እንጂ አምፖሉ አይደለም። ቡና የሚጠጣበት ቦታ ተቀምጠው ብርሃኑ ዓይንዎን ከወጋው፣ አምፖሉን ከቅጠል ወይም ከድንጋይ ጀርባ ያስገቡት።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ለዚህች መብራት ትመቻለች። ለንደን ውስጥ በታኅሣሥ ወር ቀኑ 8 ሰዓት የማይሞላበት ጊዜ አለ፤ መብራቷ በዚያች አጭር ቀን ሞልታ 16 ሰዓት እንድታድር ይጠበቅባታል። እዚህ ግን በረጅሙና በአጭሩ ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ ከፍ ያለች ስለሆነች አናቷ ላይ የተጋደመው ፓናል በደንብ ያገኛታል። ለብቻው የሚሰቀል ፓናል ከሆነ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘንበል ማድረግ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦ ይወስድለታል። ችግሩ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሳይገለጥ ሲውል ባትሪው በግማሽ ሳይሞላ ይመሻል፤ መብራቷም ገና ሰው ሳይተኛ ልትከስም ትችላለች። በበጋ ጠላቷ አቧራ ነው፤ ፓናሉን አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው።

አጥር ላይ የሚሰቀለው የሶላር ፓውዛ የዚህችው ዘመድ ነው፤ ውሸቱ ግን ይበዛል። ካርቶኑ ላይ «200 ዋት» ተብሎ ቢጻፍም አይመኑ። ጥርት ባለ ቀትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው፤ ጥሩ ፓናል ከዚህ 20 ከመቶውን ያህል ይይዛል። አብሮት የሚመጣው ፓናል 35 በ25 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ቢበዛ ቢበዛ የሚሰጠው 17 ዋት ተኩል ነው። 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢመታው እንኳ የሰበሰበው ኃይል እውነተኛ 200 ዋት መብራትን ግማሽ ሰዓት አያቆይም። ሻጩን የብርሃኑን መጠን በሉመን፣ የባትሪውንና የፓናሉንም መጠን ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ዋጋውን ይከራከሩ። የሰው ገላ ሙቀት ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ሴንሰር ያለው ይሻላል፤ ሰው ሲመጣ ብቻ ስለሚፈካ ባትሪውን ይቆጥባል። አቅጣጫውን ደግሞ ወደ ራስዎ መሬት ያድርጉት። የጎረቤት መኝታ ቤት ላይ ሲያፈጥ የሚያድር ፓውዛ ከሌባ በፊት ጉርብትናን ያባርራል።

ካርቶኑ ላይ አይፒ44 ወይም አይፒ65 የሚል ምልክትም ይፈልጉ። ሁለተኛው አኃዝ የውኃ ነው፤ 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭን፣ 5 በቱቦ የሚለቀቅን ውኃ ይችላል።

ቀለሙም ነገር አለው። 6,500 ኬልቪን የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ 3,000 እና ከዚያ በታች የሚለው ወርቅማ። ለውጭ በር የመጀመሪያው ቢሆን ግድ የለም፤ ለመቀመጫ ቦታ ግን ሁለተኛው ነው። አንዱ ምክንያት አሸን ነው። ዝናብ አባርቶ አሸን ሲወጣ ነጭ አምፖል ሥር ራት ያቀረበ ሰው ያውቀዋል። የብዙ ነፍሳት ዓይን ለሰማያዊና ለአልትራቫዮሌት ብርሃን የሰላ ስለሆነ፣ ወርቅማው ላይ የሚሰበሰቡት ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ እንዳሳየው ደግሞ ነፍሳት አምፖል የሚዞሩት ብርሃን ወደው አይደለም። ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ደመቀው ወገን ያደርጋሉ፤ ይህም ሰማዩ ከምድር በሚደምቅበት ሌሊት ሚዛናቸውን ይጠብቅላቸዋል። አምፖል አጠገብ ሲደርሱ ግን ያው ልማድ እዚያው ያሽከረክራቸዋል።

ሰፊ ግቢ ያለው ሰው የቤቱን 220 ቮልት በትራንስፎርመር ወደ 12 አውርዶ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቢቀብር የተሻለ ብርሃን ያገኛል። 220ውን በዲቫይደር ስቦ እርጥብ ሣር ላይ መዘርጋት ግን ሰው ይገድላል። ሥራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

ወደ ትንሿ እንመለስ። ዓመት ሁለት ዓመት አገልግላ ስትደክም ብዙውን ጊዜ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው፤ ፓናሉም ኤልኢዲውም ገና ብዙ ዓመት አላቸው። መጠኑን አይተው በዚያው በሚሞላ 1.2 ቮልት ባትሪ ይለውጡት። ተራ የሪሞት ባትሪ አይክተቱባት፤ ለመሞላት ስላልተሠራ ውስጡ ሊፈስና ሰሌዳዋን ሊበላ ይችላል። ስፕሪንጉ ዝጎ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ያድርጉት። ሲገዙም ግልብጥ አድርገው ከሥር ይመልከቷት። ብሎን ካላትና ባትሪዋ የሚወጣ ከሆነ ይግዟት፤ ተጣብቃ የተዘጋች ከሆነች ግን የቱንም ያህል ብትረክስ ትተዋት ይውጡ።