ዲስክ 1 ማን ነው?

የጥር ሰርግ ሲበዛ ደብረ ታቦር ውስጥ የቪዲዮ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ባለ 1 ቴራባይት፣ ገመዳቸውም አንድ ዓይነት። አንዱ ውስጥ ባለፈው እሑድ የተዳረችው ሙሽራ ገና ያልተቀናበረ ቪዲዮ አለ። የሌላው ሥራ አልቆ ለደንበኛው ተሰጥቷል፤ ፎርማት ተደርጎ ለሚቀጥለው ሰርግ ሊውል ተራውን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ግን «ዲስክ 1» እና «ዲስክ 2» ብቻ ይላቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ የተራ ቁጥር እንጂ የዲስኩ ስም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም ገመዱ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ሊቀያየር ይችላል። ሊኑክስም ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ የሚላቸውን ስሞች የሚሰጠው ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ነው። የድራይቭ ፊደልም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። ዛሬ ኢ የተባለ ፍላሽ ነገ ኤፍ ሊባል ይችላል።

የፎገራ ሜዳ ከብት ብዙው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነው፤ ለእንግዳ ዓይን መንጋው ሁሉ አንድ ይመስላል። እረኛው ግን ላሙን «ከበረት ሁለተኛ የወጣችው» ብሎ አይለያትም። ዛሬ ሁለተኛ የወጣች ነገ አምስተኛ ልትወጣ ትችላለች። የሚለያት በግንባሯ ነጭ፣ በቀንዷ አጣጣል፣ በጆሮዋ ምልክት ነው።

የዲስክ የጆሮ ምልክት ሲሪያል ቁጥሩ ነው። ፋብሪካው ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያትመዋል፣ ዲስኩ ውስጥም ይጽፈዋል፤ ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም። በዊንዶውስ ፓወርሼል ከፍቶ ጌት ዲስክ የሚለውን ትእዛዝ ለሰጠ ሰው ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ከተራ ቁጥሩ ጎን ይወጣሉ። ሊኑክስ ደግሞ ባይ አይዲ በሚባል ማውጫ ውስጥ ሞዴልና ሲሪያል የያዘ ስም ለእያንዳንዱ ዲስክ ያስቀምጣል።

መጠንም ይረዳል፤ አቆጣጠሩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። አምራቹ 1 ቴራባይት የሚለው 1,000,000,000,000 ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ያንኑ 931 ጊጋባይት ብሎ ያሳየዋል። ባለ 500ው 465 ይሆናል። ጎደለ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሁለት እኩያ ዲስኮችን ለመለየት ግን መጠን አንዳች አይጠቅምም።

ከሁሉ የከፋው አጋጣሚ «ዊንዶው ይጫንልኝ» ብሎ ደንበኛ ላፕቶፕ ሲያመጣ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ሁለት ዲስክ አለው፤ የመጫኛው ገጽም ለረጅም ዓመታት «ድራይቭ 0»፣ «ድራይቭ 1» ከማለት አልፎ ሞዴል ሳያሳይ ነው የኖረው። እዚያ ላይ ሺፍት እና ኤፍ10 አብሮ ተጭኖ የትእዛዝ መስኮት መክፈት ይቻላል። ዲስክፓርት ተብሎ ከተገባ በኋላ ዲስኩን መርጦ ዲቴይል ዲስክ የሚል ሰው የሞዴሉን ስም ያገኛል። እዚያው ክሊን የሚባል ትእዛዝም አለ። እሱ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ በሰከንድ ውስጥ የፓርቲሽኑን ሠንጠረዥ ያነሳዋል። ጠያቂ ከሌለ ጠያቂው ባለሙያው ራሱ መሆን አለበት።

ሲሪያልም አንዳንዴ ያሳስታል። ርካሽ የዩኤስቢ ማስተላለፊያ የዲስኩን ትቶ የራሱን ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ማስተላለፊያዎች ሁሉ ያንኑ አንድ ቁጥር የሚያሳዩበት ጊዜም አለ። ከዲስክ ወደ ዲስክ እንዳለ የተገለበጠ ቅጂ ደግሞ በዋናው ላይ የተጻፈውን የዲስክ መለያ (ሲግኔቸር) ጭምር ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኝ አንዱን ከሥራ ውጪ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

እንዲህ ሲሆን አሮጌው ዘዴ ይሠራል። የማይፈለገውን ሁሉ መንቀል፣ ዝርዝሩን ማየት፣ ዲስኩን መሰካት፣ ዝርዝሩን እንደገና ማየት። አዲስ የመጣው እሱ ነው። ከመሰረዝ በፊትም ከፍቶ ፋይሎቹን ማየት ነው፤ ሙሽራዋ እዚያ ካለች ትታያለች።

ስህተቱ ከደረሰም ሁሉ ነገር አላለቀም። ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ቪዲዮውን ወዲያው አያጠፋውም፤ ምንም ሳይጻፍበት ዲስኩ ከተነቀለ በማዳኛ ፕሮግራም ብዙውን ማውጣት ይቻላል። በኤስኤስዲ ግን ትሪም የሚባለው አሠራር የተለቀቀውን ቦታ ቶሎ ሊያጸዳው ስለሚችል ተስፋው ይመነምናል።

ጥንቁቅ የሆነ ባለሙያ ዲስኩ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጥፋል። በማርከር የሲሪያሉን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ ከሥራቸው የሰርጉን ቀን ይጽፋል። ዲስኩንም በኮምፒውተሩ ውስጥ በዚያው ስም ይሰይመዋል፤ ኤክስፋት 11 ፊደል፣ ኤንቲኤፍኤስ 32 ይፈቅዳሉ። ፎርማት የሚለውን ከመጫኑ በፊት ፕላስተሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ያነባል።