«ማኅበረ-ፖለቲካዊ» የሚለው ቃል ፍችና አገባብ

«ማኅበረ-ፖለቲካዊ» የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ ጥናቶች ርእስ ላይ አዘውትሮ ይገኛል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን ብዙውን ጊዜ ማኅበራዊው በአንድ ምዕራፍ፣ ፖለቲካዊው በሌላው ተነጣጥለው ይቀርባሉ። እንዲህ ከሆነ «ማኅበራዊና ፖለቲካዊ» ማለቱ ይበቃ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቃሉን ፍችና ተገቢ አገባብ ለማሳየት ይሞከራል።

በቅድሚያ ቅርጹን እንመልከት። በግእዝ የዘርፍና ባለቤት ሥርዓት «መካነ ሰላም» ማለት የሰላም ቦታ፣ «ማኅበረሰብ» ማለት የሰው ማኅበር ነው። በዚሁ ሕግ ከሄድን «ማኅበረ ፖለቲካ» የፖለቲካ ማኅበር ማለት በሆነ ነበር። ይሁንና ቃሉ የተበጀው የአውሮፓ ቋንቋዎችን ጥምር ቅጽል እንዲተካ በመሆኑ፣ በአገባብ ማኅበራዊውና ፖለቲካዊው ሳይነጣጠሉ የሚታዩበትን ሁኔታ ያመለክታል።

ለአብነት የጠቀስናት መካነ ሰላም የምትገኘው በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ነው። በወሎ ገጠር ያለውን ቅሬ ብንወስድ፣ ዋና ተግባሩ ሙት መቅበርና ሐዘንተኛ ማጽናናት ነው። ነገር ግን የተጣላ ያስታርቃል፤ ያጠፋ ይቀጣል። መሪውም «የቅሬ ዳኛ» ይባላል። ውሳኔው የሚከበረው ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ቀባሪ ስለሚያጣ ነው። እዚህ ላይ ሥልጣኑ የሚመነጨው ከማኅበራዊው ትስስር ነው። በአንጻሩ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር፣ ስሙ «ማኅበር» ቢሆንም መሬት የማከፋፈልና የመዳኘት ሥልጣኑን ያገኘው ከመንግሥት ነበር። ሁለቱም ማኅበረ-ፖለቲካዊ ናቸው፤ የሥልጣናቸው ምንጭ ግን ይለያያል።

ከቦረና ዓባይን ተሻግረን ወደ ጎጃም፣ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ስንመጣም ይኸው ይታያል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራት ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጣሉ፤ በባላገሩ ላይም ያልተለመደ ግዴታ ጥለው ዐመፅ ያስነሣሉ። ጋብቻውን «ማኅበራዊ»፣ ዐመፁን «ፖለቲካዊ» ብሎ የከፈለ ተንታኝ ሁለቱን የሚያገናኘውን ኩራት ሳያየው ያልፋል።

ስለዚህ አጥኚው ቃሉን ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ይጠቀማል፤ በድርሰቱ ውስጥ ሥልጣን የሚሠራው በየትኛው የኑሮ ትስስር በኩል ነው? በጋብቻ፣ በቀብር ወይስ በመሬት? መልሱን ከጽሑፉ ማሳየት ካልቻለ ሁለቱን ቃላት በ«ና» አያይዞ ቢጽፋቸው ይሻላል።